ካንዴላ ስንት ኪሎ ሜትር ይቆያል? መኪናዬ እየተንዘፈዘፈች ነው እርዱኝ

ጭቃ ወዳድ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ቶሎ መልስ እፈልጋለሁ መንገድ ላይ ነኝ። ፎርዊሏ ከጠዋት ጀምሮ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳልሰጣት ቆማ ስትሰራ) ትንዘፈዘፋለች፣ ነዳጅ ስሰጣት ትታፈናለች፣ ዳገት ላይ ጭራሽ ጉልበት የላትም፣ የሞተር መብራቷም ብልጭ ድርግም ይላል። ካንዴላ (ሲሊንደር ውስጥ ቤንዚኑን በእሳት የሚለኩሰውን) ከቀየርኩ ገና 22,000 ኪሎ ሜትር ነው፣ የሸጠልኝ ሰው ኢሪዲየም ነው 100,000 ይሄዳል ብሎኝ ነበር። ከአስፋልት ውጪ የሚነዳ መኪና ላይ እውነቱ ስንት ነው? አልቋል ማለት ነው?

ሚኒሞ፦ ካንዴላ ቀይር። አራቱንም።

የአቧራ ልጅ፦ ቤንዚን ናት ናፍጣ? ናፍጣ ከሆነች ካንዴላውን እስኪመሽ ብትፈልግ አታገኘውም 😀

ጭቃ ወዳድ፦ ቤንዚን ናት፣ ባለ 4 ሲሊንደር

አሮጌ ቁልፍ፦ ወንድሜ ኪሎ ሜትሩን ለጊዜው ተወው። ተራው የኒኬል ካንዴላ 30,000 እስከ 50,000፣ ፕላቲኒየምና ኢሪዲየም ደግሞ 100,000 ገደማ የሚባለው ለአስፋልት ነው። ካንዴላ የሚበላው እሳት በተኮሰ ቁጥር ነው፣ እሳቱ ደግሞ የሞተሩን ዙር እንጂ የጎማውን አይከተልም። በከባድ ማርሽ ድንጋይ ለድንጋይ 2 ሰዓት ስትታገል ቆጣሪው 10 ኪሎ ሜትር ይጽፍልሃል፣ ሞተሩ ግን በደቂቃ 2,000 ከዞረ እያንዳንዱ ካንዴላ ቢያንስ 1,000 ጊዜ ይተኩሳል፣ በ2 ሰዓት 120,000 ጊዜ ማለት ነው። አቧራው ሲጨመርበት የአየር ፊልትሮው ይደፈናል፣ ነዳጁ ይበዛል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። እኔ ለእንዲህ ያለ መኪና የተባለውን ቁጥር ግማሽ ነው የምይዘው።

ቴስታታ፦ ጋሼ ትምህርቱ ልክ ነው፣ ግን ኢሪዲየም በ22,000 አልቆ በአንድ ጠዋት እንዲህ አያደርግም። የሚያልቅ ካንዴላ ቀስ እያለ ነው የሚታወቅህ፣ መጀመሪያ አስነሳሷ ይከብዳል፣ ነዳጅ ትፈጃለች። ይሄ ድንገት የመጣ ነገር ነው። ትናንት ውሃ ውስጥ ገብተሃል?

ጭቃ ወዳድ፦ አዎ ማታ ወንዝ ተሻግሬያለሁ፣ ውሃው መከላከያው ላይ ደርሶ ነበር፣ ግን ከዛ በኋላ ደህና ስለሄደች ነው ያልጠቀስኩት

ሚኒሞ፦ እንዳልኩት ካንዴላ ቀይር

ቴስታታ፦ ምኑን ሳያይ ነው የሚቀይረው? ስማ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ያልተቃጠለ ነዳጅ ወደ ጭስ ማውጫው እየሄደ ነው፣ እዚያ ያለውን ካታሊስት (ጭሱን የሚያጣራውን) ያቃጥልብሃል። አቁማትና ትቀዝቅዝ፣ ከዛ አንድ በአንድ ፈትተህ በተራቸው ደርድራቸው።

የአቧራ ልጅ፦ ከመፍታትህ በፊት ጉድጓዱን በአየር ንፋ እባክህ! ፓምፕም ይሆናል። አንድ ጊዜ ቸኩዬ ሳልነፋ ፈታሁና አሸዋው ሲሊንደሩ ውስጥ ገባ፣ ግድግዳው ተጫረ፣ ቴስታታ (የሞተሩን የላይ ክዳን) እስከማውረድ ደረስን። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ጭቃ ወዳድ፦ በጎማ ፓምፕ ነፍቼ ፈታሁ። 3ኛው ብቻ እርጥብ ነው ቤንዚን ይሸታል፣ ሌሎቹ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ናቸው። 3ኛው ነጩ ሸክላ ላይ ከላይ እስከ ታች በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን ጥቁር መስመር አለ፣ በጨርቅ ብፈትገው አይለቅም

ቴስታታ፦ አገኘኸው! ያ መስመር እሳቱ ያቋረጠበት ነው። ሸክላውና የኮይሉ (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚልከው) ጎማ መሃል ውሃ ገብቶ እሳቱ ጫፉ ጋ መድረሱን ትቶ በጎን ወደ ብረቱ ዘሏል፣ ሲዘል ሸክላውን አከሰለው፣ አሁን ቢደርቅም በዚያው ነው የሚሄደው። የኮይሉን ጎማ በባትሪ ብርሃን ውስጡን እየው፣ አብዛኛውን ጊዜ እዚያም ትይዩ መስመር አለ። ካለ ካንዴላውን ብቻ ብትቀይር አዲሱንም ያሰምረዋል፣ ሁለቱም መቀየር አለባቸው። ከሌለ የ3ኛውንና የ1ኛውን ኮይል አቀያይር፣ ችግሩ ወደ 1 ከተዛወረ ኮይሉ ነው።

አሮጌ ቁልፍ፦ ቴስታታ ልክ ብሏል፣ ውሃ መኖሩን አልጠየቅኩም ነበር። ካንዴላውን ስትመልሰው ቀለበቱ እስኪነካ በእጅህ ብቻ አጥብቅ፣ ከነካ በኋላ በቁልፍ አዲስ ከሆነ ግማሽ ዙር፣ ያገለገለ ከሆነ ከዚያ በጣም ያነሰ። ቴስታታው አልሙኒየም ነው፣ ጥርሱ ከተበላ ማልቀስ ነው። ኢሪዲየሙን በሽቦ ብሩሽ እንዳትፍቀው፣ ጫፉ ቀጭን ነው። የኮይሉ ጎማ አፍ ላይ ሲሊኮን ግሪስ ካለህ በስሱ ቀባው፣ ውሃ አያስገባም።

ጭቃ ወዳድ፦ ጎማው ውስጥም መስመሩ አለ!! አንድ ትርፍ ካንዴላ ይዣለሁ ጎማ ግን የለኝም። ቻርጄ 4 ፐርሰንት ነው እመለሳለሁ

የአቧራ ልጅ፦ ለጊዜው መስመሩን ፍቀህ በደንብ አድርቀው፣ ቀስ ብለህ ውጣ

የአቧራ ልጅ፦ ወንድም ደረስክ? ሁለት ቀን ሆነ እኮ

ዱካ፦ እኔ ደግሞ ባለ 4 ጎማ ሞተር ነው ያለኝ፣ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ የለውም፣ በምን ልቁጠር?

አሮጌ ቁልፍ፦ በሰዓት። መመሪያው ላይ በሰዓት ተጽፎ ታገኘዋለህ፣ እስከዚያው ፊልትሮ ባጸዳህ ቁጥር ካንዴላውን ፈትተህ እየው።