ጨቋኞች የጠቀሷቸው ጥቅሶች ለልጆቻችን ከነታሪካቸው ይሰጡ ወይስ ይታለፉ?

የታቦሩ መምህር፦
ለባርነትና ለዘር መድልዎ ማጽደቂያ የተደረጉ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎችን እዚህ ሐዋሳ በየሰንበት ትምህርት ቤቱ ስናስተምር፣ ሰዎች በእነዚያ ጥቅሶች የፈጸሙትን በደል አብረን ማስተማር ይገባናል ብዬ አምናለሁ። በዘፍጥረት ምዕራፍ 9 ኖኅ የረገመው ከነዓንን ነው፤ ካምን አልረገመም፣ ስለ ቆዳ ቀለምም የተጻፈ አንዲት ቃል የለም። እንዲህም ሆኖ አፍሪካውያንን ባሪያ አድርገው የገዙና የሸጡ ሰዎች ይህንኑ ክፍል ለዘመናት ሲጠቅሱት ኖረዋል። የደቡብ አፍሪካ የደች ሪፎርምድ ቤተ ክርስቲያንም እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣችው ሰነድ የባቢሎን ግንብን ታሪክ ሕዝቦችን ለያይቶ ለማኖር ድጋፍ አድርጋ አቅርባዋለች። ከ8 ዓመት በኋላ የተሐድሶ አብያተ ክርስቲያናት የዓለም ኅብረት በኦታዋ ባደረገው ጉባኤ አፓርታይድን የሚደግፈውን ትምህርት ኑፋቄ ብሎ አወገዘ፣ የቤተ ክርስቲያኒቱንም አባልነት አገደ።

ከሐይቅ ዳር፦
መምህር፣ ጥፋቱ የአንባቢው ሆኖ ሳለ ልጆች መጽሐፉን በጥርጣሬ እንዲያዩት እንዳናደርግ እሰጋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1807 በለንደን፣ በካሪቢያን ደሴቶች ለነበሩ ባሪያዎች ተብሎ የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ የብሉይ ኪዳን አብዛኛው ክፍል ተቆርጦ የወጣበት ነበር። እስራኤል ከግብፅ የወጣችበት ታሪክ አልነበረበትም፤ «ባሪያዎች ሆይ፣ ለጌቶቻችሁ ታዘዙ» የሚለው ግን በቦታው ነበር። ጨቋኞቹ ሙሉውን መጽሐፍ ፈርተውት ባይሆን ኖሮ ለምን ይቆርጡት ነበር?

የሕግ ተማሪዋ፦
ወንድሜ፣ ያነሱት ማስረጃ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች የነበሩ ባሪያ አሳዳሪዎች ሙሉውን መጽሐፍ በቤታቸው ይዘው ያነቡ ነበር። ደቡባዊው የባፕቲስት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1845 ከሰሜኖቹ የተለየው ባሪያ ያለው ሰው ሚስዮናዊ ሊሆን ይችላል ወይስ አይችልም በሚል ክርክር ሲሆን፣ ይቅርታ የጠየቀው በ1995 ነው። ዘሌዋውያን 25 ከአሕዛብ ባሪያ መግዛትን የሚፈቅደው ማንም ሳያጣምመው ነው። የእኛው ፍትሐ ነገሥትም ሰው በተፈጥሮው ነፃ መሆኑን ከመሰከረ በኋላ በጦርነት የተሸነፈውን ለአሸናፊው ባሪያ ያደርገዋል፤ በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተሻረውም በ1934 ዓ.ም. ነው። «አጣመሙት» የሚለው መልስ ለዘፍጥረት 9 ይበቃል፣ ለዘሌዋውያን 25 ግን አይበቃም። ልጆቹ አድገው ራሳቸው ሲያነቡት ያገኙታልና ከእኛ ቢሰሙት ይሻላል።

ከመነኸሪያ ሰፈር፦
እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ጥያቄው መድረሳንም ይመለከታል። ቁርኣን በሱረቱል በለድ ባሪያን ነፃ ማውጣትን ከሚዘረዝራቸው በጎ ሥራዎች ያስቀድመዋል፤ ባሪያ ሆኖ ነፃ የወጣውን የነቢዩን ባልደረባ፣ የቢላልንም ታሪክ ልጆቻችን በቃላቸው ያውቁታል። ሆኖም ከዚህች ምድር ወደ ቀይ ባሕር ማዶ የተነዱትን ሰዎች ከሸጡትና ከገዙት መካከል ሙስሊሞችም ክርስቲያኖችም ነበሩበት። ይህንን ሳንጨምር ቢላልን ብቻ ብናስተምር ትምህርቱን አጉድለን መስጠታችን ነው።

የሸክላ ሠሪ ልጅ፦
እኔ ከሐዲቾ፣ ከሲዳማ ሸክላ ሠሪዎች ወገን ነኝ። እናቶቻችን የሠሩት ማሰሮ በሲዳማ ቤት ሁሉ ወጥ ሲሠራበት፣ እነርሱ ግን ከሌላው ጋር አብረው በማዕድ አልተቀመጡም፣ በጋብቻም አልተቀላቀሉም። ለዚህ አንድም ጥቅስ ተጠቅሶልን አያውቅም፤ ልማድ ብቻውን በቃ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ ቢያስነግሩም ንቀቱ ዘመናትን ተሻግሯል። ስለዚህ ትምህርቱ ከጥቅሱ ብቻ ከተነሣ ያለ ጥቅስ የተጨቆነውን ሰው ይዘላል። መጀመሪያ የሚጠየቀው በዚያ ሥርዓት የሚጠቀመው ማን እንደነበረ ነው፤ ጥቅሱ የተፈለገው ከዚያ በኋላ ነው።

የታቦሩ መምህር፦
ወንድማችን ያነሣው ሐሳብ የእኔን ያሰፋዋል፤ ትምህርቱ ከሐዲቾ ታሪክ ቢጀምር እስማማለሁ። ይሁን እንጂ ጥቅሱ ሁልጊዜ ኋላ የመጣ ጌጥ ነው በሚለው አልስማማም፤ በደቡብ አፍሪካ እሑድ እሑድ ከመድረክ የሰሙት ስብከት ብዙ ቅን ሰዎችን ያለ ጸጸት እንዲተኙ አድርጓቸዋል። ከሐይቅ ዳር የጻፉልን ወንድሜ የሕግ ተማሪዋ ስለ ዘሌዋውያን 25 ላነሣችው ነጥብ የሚሰጡትን መልስ እጠብቃለሁ።