እናቴን ከአራተኛ ፎቅ እንዴት ላውርዳት?

ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ አንድ ነገር አማክሩኝ።

ባለፈው ሳምንት እኩለ ሌሊት ላይ ቤቱ ተንቀጠቀጠ። ብዙም አልቆየም፤ እኔን ግን እስካሁን እንቅልፍ ነስቶኛል። በማግስቱ የአደጋ ጊዜ ቦርሳ አዘጋጀሁ። የእጅ ባትሪ፣ ሬዲዮ፣ ፊሽካ፣ የሰነዶች ቅጂ ገብቷል። ውሃም ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ገደማ አስቤ የ3 ቀን አስቀምጫለሁ። ልጆቹ ጠረጴዛ ሥር ገብተው እግሩን አጥብቀው መያዝ ለምደዋል። እንዲያውም ጨዋታ አድርገውታል።

የከበደኝ የእማዬ ነገር ነው። በተሽከርካሪ ወንበር ነው የምትንቀሳቀሰው። እሳት ቢነሳ ወይም መሬት ቢንቀጠቀጥ ሊፍት አይታሰብም። ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር በብርድ ልብስ ተሸክመን በደረጃ ልናወርዳት ሞከርን። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ እጄን አላበኝና ብርድ ልብሱ ሸተት አለ። ደግነቱ አልወደቀች። "በቃ እኔን ተዉኝ፣ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ" አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት?

ኢንሱሊኗም አለ። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። መብራት ለቀናት ቢጠፋስ? በረዶ ውስጥ ልክተተው ብዬ ነበር፤ ለካ ኢንሱሊን በረዶ ከሠራ አይረባም።

እንዲህ ዓይነት ሰው ቤታችሁ ያለ፣ ሞክራችሁ የሠራላችሁን ንገሩኝ። በተለይ ባለቤቴ በሌለበት ቀን ብቻዬን ምን ላድርግ?