ጥቆማ፦ ለዌክቦርድ ጀልባ ላይ ምን ይጫን? ደሴ፣ ኮምቦልቻና ሐይቅ ላይ የሞከርናቸው

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ወንድማችን እንዲህ ብሎ ጠይቆ ነበር። "ሐይቅ ላይ ዌክቦርድ ጀምረናል። ግን ጀልባችን የምትተወው ሞገድ ዝርግ ነው፣ አያዘልልም። ክብደት ጫኑባት እያሉን ነው። ምን እንጫን? ከየት እናግኝ?" ያን ቀን አጭር መልስ ሰጥቼው አለፍኩ። በኋላ ሳስበው ነገሩ ጥንቃቄ የሚፈልግ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ ሁለት ዓመት ከጓደኞቼ ጋር የሞከርነውን በሙሉ ልጻፈው።

ዌክቦርድን ለማያውቅ፦ እግርህን ሰሌዳ ላይ ታስራለህ፣ ጀልባ በገመድ ይጎትትሃል። ጀልባዋ ስትሄድ ከኋላዋ በግራና በቀኝ የሞገድ ጀርባ ይነሳል። ተንሸራታቹ እሱን ተንደርድሮ ይዘልበታል። ጀልባ በከበደች ቁጥር ብዙ ውሃ ትገፋለች፣ ሞገዱም ከፍ ይላል። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ጀልባ ሆዱ ውስጥ የውሃ ማጠራቀሚያ አለው። የእኛ 5 ሜትር የሆነች የፋይበር ግላስ ጀልባ ናት፣ ከኋላ ባለ 40 ፈረስ ያማሃ ሞተር አላት። ሌላ የላትም።

ምንም ሳትገዙ በፊት በሰው ሞክሩ። ሦስት ጓደኛ ላይፍ ጃኬት አልብሳችሁ ጫኑ። መጀመሪያ ከኋላ አስቀምጧቸው፣ ቀጥሎ አንዱን ወደ አፍንጫው አሻግሩት። ሞገዱ ሲለወጥ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ክብደት ወደ ኋላ ሲበዛ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። ወደ ፊት ሲሄድ ይረዝማል፣ ይለሰልሳል። ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ደግሞ አንዱ ሞገድ አረፋ ብቻ ሆኖ ይፈርሳል። እኛ አንድ ወር ሙሉ "ሞተሩ ነው" እያልን ስንከራከር ቆይተን፣ ለካ ባትሪውም ነዳጁም ሹፌሩም በቀኝ በኩል ነበሩ።

አሁን ወደ ዕቃው ልምጣ። የመጀመሪያ ምርጫዬ ቢጫው ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ስለዚህ አንድ ጄሪካን 20 ኪሎ። ሚዛን አያስፈልግም፣ መቁጠር ብቻ ነው። ያገለገለው ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ይገኛል፣ ቁራሌዎችም ያመጣሉ። ስትገዙ ክዳኑን አጥብቃችሁ ገልብጡትና ጎኑን ጫን በሉት። ከአፉ ጠብ ካለ ተዉት። ስትሞሉት እስከ አፉ ጢም አድርጉት። ግማሽ የሆነ ጄሪካን ውስጥ ውሃው ይንቦጫረቃል፣ ጀልባዋ ስትታጠፍ ክብደቱ አብሮ ይሮጣል። ከዚያ ሁሉንም በጆሯቸው ገመድ አሳልፋችሁ አንድ ላይ እሰሩ። ወለሉ ላይ አሮጌ ምንጣፍ ብታነጥፉ አይንሸራተቱም።

ሁለተኛው የከባድ መኪና ካላማዳሪያ ነው። ኮምቦልቻ የጂቡቲ መኪና መተላለፊያ ስለሆነች የጎሚስታ እጥረት የለባትም። የተጠጋገነ የሲኖትራክ ካላማዳሪያ በርካሽ ይሰጧችኋል። ገበሬው የትራክተር ጎማ ውስጥ ውሃ ሞልቶ ያከብደው የለ? ይህም ያው ነው። ጥሩነቱ ለስላሳ ነው፣ ፋይበሩን አይቧጭርም፣ ወለሉ ላይ ዝቅ ብሎ ይተኛል። ዝቅ ያለ ክብደት ጀልባን ያረጋጋል። መጥፎነቱ አሞላሉ ነው። የቫልቩን መርፌ አውጥታችሁም ቢሆን ቀዳዳው ጠባብ ነው፣ ትዕግሥት ይጨርሳል። ውስጡ አየር ከቀረ ደግሞ ክብደቱን ታጣላችሁ። እኛ ሁለት ይዘናል፣ የምናወጣቸው ግን አልፎ አልፎ ነው።

ከውጭ የሚመጣው የውሃ ከረጢት ፋት ሳክ ይባላል። ወደ 180 ኪሎ የሚይዝ አለ፣ ወደ 340 ኪሎ የሚይዝም አለ። ዕቃው ምርጥ ነው። አፉ ሰፊ ነው፣ ቶሎ ይሞላል፣ ባዶውን ተጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ አስመጡት። ግን ትልቁ ከረጢት እንደኛ ላለች ጀልባ አይሆንም። 6 ሜትርና ከዚያ በላይ ላላት ነው። ተጠቅማችሁ ስትጨርሱ ጥላ ውስጥ አድርቁት፣ ፀሐይ ያደርቀውና ይሰነጣጥቀዋል።

ይህን ከረጢት እዚሁ ለማሰራትም ሞክረን ነበር። የመኪና ሸራ የሚሰፋ ባለሙያ ጋ ሄደን አሰፋን። ስፌቱ ንጹህ ነበር፣ ሥራው ላይ ቅሬታ የለኝም። ግን መርፌ የወጋው ቀዳዳ ሁሉ ውሃ ያንጠባጥባል። ከሩብ ሰዓት በኋላ እግራችን ርሶ ነበር። ለውሃ የሚሆነው በሙቀት የተጣበቀ ሸራ ብቻ ነው። የሚያጣብቅ ማሽን ያለው ባለሙያ የምታውቁ ከታች ጻፉልኝ፣ ከልቤ አመሰግናለሁ።

የማልመክራችሁ አሸዋና ብረት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚጀምረው በዚህ ነው። እኛም የጀመርነው በአሸዋ ነበር። አራት ማዳበሪያ ሞልተን ጫንን፣ ሞገዱም አማረ። በሦስተኛው ዙር የአንዱ ስፌት ተተረተረና እርጥብ አሸዋ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። የገባውን ውሃ የሚያስወጣው ትንሹ ፓምፕ እያጉረመረመ ቆየና ዝም አለ። በኋላ ፈተን ስናየው የጥፍር ስባሪ የምታህል ጠጠር ምላጩ ሥር ተሰክታለች። ያን ቀን ነፋስ ተነስቶ ቢሆን ኖሮ የሚሆነውን ማሰብ አልፈልግም።

ትልቁ ልዩነት ግን ይህ ነው። ጀልባችሁ ውሃ ቢሞላባት፣ ጄሪካን ውስጥ ያለው ውሃ ሐይቁ ውስጥ ምንም አይመዝንም። ውሃ በውሃ ውስጥ አይሰምጥም። አሸዋና ብረት ግን ያኔም ወደ ታች ይጎትታሉ። የቁርጥራጭ ፌሮና የላሜራ ክምር ደግሞ ሲንሸራተት ፋይበሩን ይወጋል። የአሮጌ ባትሪ እርሳስ ቤት ውስጥ አቅልጦ መጠቀም የሚያስብም አለ። ተዉት። ጭሱ መርዝ ነው፣ ልጆች ላይ ደግሞ ይብሳል። ሮቶም አይሆንም። ከፍታው ትልቅ ስለሆነ ጀልባዋን ያገላብጣል።

ስንት እንጫን ለምትሉ፣ ጀልባው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። የእኛ ሰው፣ ሞተርና ዕቃ ተደምሮ 620 ኪሎ ይላል። ሞተሩ 75፣ ነዳጅ 20፣ ባትሪ 15፣ ሹፌርና ተንሸራታቹን የሚጠብቅ ሰው 140፤ ድምሩ 250 ነው። ተንሸራታቹ ሲደክመው ወደ ጀልባው ይወጣል፣ እሱ 75። የሚቀረው 295 ነው። እኛ 12 ጄሪካን፣ ማለትም 240 ኪሎ እንጭናለን። ቀሪውን 55 ኪሎ አንነካውም። አደራደሩ ከኋላ ሰባት፣ ከፊት አምስት ነው። ከአሥራ ሁለቱ በኋላ የአክስቴ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንዱ ሞገድ ተነስቶ ሌላው ላይ አረፈ። ጩኸታችን ዳር ድረስ ተሰምቷል።

የሞተሩን ነገር አትርሱ። ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1900 ሜትር ናት። ሞተር በየ300 ሜትሩ ወደ 3 በመቶ ጉልበት ያጣል። ስለዚህ የእኛ 40 ፈረስ እዚህ 32 ገደማ ነው። ክብደት ሲጨመርበት አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ታቃስታለች፣ አልነሳም ትላለች። መፍትሔው ፒቹ፣ ማለትም በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚገፋው ርቀት፣ ያነሰ ፕሮፔለር ነው። ፒቹ አንድ ኢንች ሲቀነስ የሞተሩ ዙር በደቂቃ ወደ 200 ይጨምራል። እኛ ከ13 ወደ 11 ወረድን። ደሴ አላገኘንም፣ ያመጣነው ከባሕር ዳር ነው። ጀልባ የበዛው እዚያ ነው። የታጠፈ የአሉሚኒየም ፕሮፔለር ለማስጠገን ግን ባሕር ዳር መሄድ የለባችሁም። ኮምቦልቻ በአርጎን የሚበይዱ አሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ዘንግ ላይ አድርጋችሁ በእጅ አሽከርክሩት። ሁልጊዜ አንዱ ምላጭ ብቻ ወደ ታች እየዞረ ከቆመ ሚዛኑ ልክ አይደለም።

ለመሙላት የመስኖ ሞተር ያላቸውን ገበሬዎች ጠይቁ። ባለ 2 ኢንቹ በደቂቃ ወደ 500 ሊትር ይገፋል፣ ነዳጁን ከቻላችሁ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። ስትጨርሱ ውሃውን እዚያው ሐይቅ ድፉት። ከአንዱ ሐይቅ የተሞላ ውሃ ወደ ሌላው ይዛችሁ አትሂዱ፣ ጎረቤት ወዳለው አርዲቦ ሐይቅም ቢሆን። እንቦጭ ጣናን ምን እንዳደረገው አይተናል።

ከስር አንዲት እህት "ገመዱ ስንት ሜትር ይሁን? ፍጥነቱስ?" ብላ ጠይቃለች። እህት ዓለም፣ ለጀማሪ 15 ሜትር፣ ሲለመድ ከ18 እስከ 20 ሜትር። ፍጥነቱ በሰዓት ከ30 እስከ 35 ኪሎ ሜትር፣ ለጀማሪ ከዚያ ዝቅ ይላል። በስልክሽ ጂፒኤስ መለካት ትችያለሽ። ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ሞክሩ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሞገዳችሁን ይበትነዋል።

ሌላው ወንድም "ያለ ገመድ ሞገዱ ላይ መንሳፈፍስ?" ብሏል። ወንድም ዓለም፣ በእንደዚህ ያለ ጀልባ በፍጹም። ያ ስፖርት ከጀልባው ጀርባ ሁለት ሦስት ሜትር ተጠግቶ የሚሠራ ነው። የእኛ ሞተር ፕሮፔለሩ ከኋላ ወጥቶ ነው ያለው። ብትወድቅ እሱ ላይ ነህ። ለዚያ የሚሆነው ፕሮፔለሩ ከሆዱ ሥር የተደበቀ ጀልባ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሞገዳችን ሲያድግ የሌላውም ታንኳ ይናወጣል። ዓሣ አጥማጆቹ መረብ ከጣሉበት ራቁ፣ ስታልፉም ፍጥነት ቀንሱ። በእስጢፋኖስ ገዳም በኩል እኛ ጭራሽ አንጎትትም። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት ቦታ ነው፣ መነኮሳቱ ጸጥታቸውን ይፈልጋሉ። ሸምበቆው ዳር ደግሞ ወፎች ይፈለፍላሉ።

ለጠየቀን ወንድማችን፦ አብሽር፣ ጄሪካን እስክትገዙ የእኛን አሥራ ሁለቱን መዋስ ትችላላችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ጀልባ መነሻው ላይ ነን። ክዳናቸው እንዳይጠፋ ብቻ አደራ።