የብርሃን ሳጥን ሠርቼ ብርሃኑ ነጠብጣብ ሆነብኝ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ የ3 ዓመት ልጅ እናት
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ የሚያበራ ነገር ካየ ዓይኑን አይነቅልም። ከሥር እየበራ ላዩ ላይ ባለ ቀለም ነገር የሚደረድርበት ሳጥን ልሠራለት ፈለግኩ። መጀመሪያ ተራ አምፖል ከተትኩበት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ክዳኑ ጋለ፤ ደንግጬ ነቀልኩት። አሁን ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ በባትሪ የሚሠራ የኤልኢዲ ገመድ አለ። አይሞቅም፣ ግን እያንዳንዷ መብራት ለብቻዋ ዓይን ትወጋለች። ብርሃኑን እንዴት ወጥ ላድርገው? ላዩ ላይስ ምን ይደረጋል?

መልስ፦ የሕፃናት መምህርት
አምፖሉን ማውጣትሽ ደግ ነው እህቴ። የድሮው ባለ ሽቦ አምፖል አብዛኛውን ኃይል ወደ ሙቀት ነው የሚለውጠው፤ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ፈጽሞ አይገባም።
ነጠብጣቡ የሚመጣው መብራቶቹ ለክዳኑ ስለሚቀርቡ ነው። ሳጥኑን ከውስጥ፣ ታቹንም ጎኑንም፣ በአልሙኒየም ፎይል አልብሺው። ገመዱን አትከምሪው፤ ወለሉ ላይ ዘርግተሽ በስኮች ያዥው። ከዚያ በክዳኑ የውስጥ ፊት ነጭ የመጋገሪያ ወረቀት ለጥፊ። አንድ ካልበቃ ደርቢው። ከመብራቱ እስከ ክዳኑ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ካለሽ ነጥቡ ይደበዝዛል። ወረቀቱን ከላይ እንዳታደርጊው አደራ፤ በእርጥብ እጅ አንድ ቀን አያድርም።

መልስ፦ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ
ፎይል ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍ እንዳይረሳ። የተላጠ ሽቦ ካለ በኤሌክትሪክ ፕላስተር ይሸፈን። ለዚህ ዕድሜ ከግድግዳ ሶኬት የሚመጣ ገመድ አልመክርም፤ ባትሪ ይሻላል።
ከሁሉ በላይ ግን የባትሪውን ቤት እይው። በብሎን የሚታሰር፣ ያለ ካቻቢቴ የማይከፈት ይሁን። ገመዱ በጠፍጣፋዋ የሰዓት ባትሪ የሚሠራ ከሆነ ዛሬውኑ ቀይሪው። ልጅ ያቺን ከዋጠ በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ልታቃጥል ትችላለች። ዋጠ ብለሽ ከጠረጠርሽ ምልክት አትጠብቂ፤ ወዲያው ሆስፒታል ነው።

መልስ፦ የመንታ ልጆች አባት
ላዩ ላይ ብዙ ነገር አትደርድሪ። እኛ ቤት ያሸነፈው ቅጠል ነው። ቀጭን ቅጠል ስታስቀምጪ በውስጡ ያሉት ቀጫጭን ጅማቶች አንድ በአንድ ይታያሉ፤ ልጆቼ በጣታቸው እየተከተሉ ይስሏቸዋል። ባለ ቀለም ሴሎፎን ወረቀትም ቆርጠሽ ስጪው። ቢጫውን በሰማያዊው ላይ ሲያነባብር አረንጓዴ ይሆናል፤ ግን አትንገሪው፣ ራሱ ይድረስበት። ቀለም ያለው ውሃም በፕላስቲክ ከረጢት አሽገሽ፣ አፉን ደግሞ በፕላስተር ደግመሽ ብትሰጪው እየጨመቀ ይጫወታል።
ውሃ ሲነካቸው የሚያብጡትን ድቡልቡል ኳሶች ግን ተያቸው። ከተዋጡ ሆድ ውስጥ አብጠው አንጀት ይዘጋሉ። አፉ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ነገር ሁሉ ይቅር።

መልስ፦ የሕፃናት መምህርት
አንድ ነገር ልጨምር። ገመዱ ብልጭ ድርግም የሚልበት ቁልፍ ካለው አትጠቀሚበት፤ በተለይ የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ካለ። ክፍሉን ደግሞ ድቅድቅ ጨለማ አታድርጊው፣ መጋረጃ መዝጋት ይበቃል። ፊቱን ካዞረ ወይም ዓይኑን ካሸ አጥፊውና ሌላ ቀን ሞክሩት።

ጠያቂዋ
እግዜር ይስጥልኝ! ወረቀቱን ደረብኩት፣ ነጥቡ ጠፋ። የባትሪው ቤት በጥፍር የሚከፈት ሆኖ አገኘሁት፤ በብሎን የሚታሰር ገመድ እስካገኝ ሳጥኑን ከፍ አድርጌ አስቀምጬዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን አጠገቡ ቁጭ ብዬ ቅጠሉን አሳየሁት። ገልብጦ አየው፣ መልሶ ገለበጠው፣ ከዚያ «እማ፣ መንገድ አለው» አለኝ።