ኮምቢ ቤንዚን ስታፈስ፦ አዲስ ካርቡራተር ወይስ ጥገና? (ጥቆማ)

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አሮጌ ቮልስዋገን ኮምቢ አለችኝ፣ ሞተሯ 1600 ነው። ቸርችልን ሽቅብ ወጥቼ ማዘጋጃ ቤት አካባቢ አቁሜያት ስመለስ አልነሳም ትላለች። ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች፣ ጭሷም ጥቁር ነው። አንድ ጋራዥ ገና ኮፈኑን ከፍቶ እንዳየ «ካርቡራተሩ አልቋል፣ አዲስ ግዛ» አለኝ። ልግዛ ወይስ የሚጠግን ሰው ትጠቁሙኛላችሁ?

መልስ፦
ወንድሜ፣ ብርህን ያዝ አድርግ። ካርቡራተር ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው ዕቃ ነው፤ ቤንዚን ስላፈሰሰ ብቻ አልቋል ማለት አይደለም።

መጀመሪያ አንድ ነገር ለይ። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ለቆላ የተመጠነ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላ ፍታና እይ። ጥላሸቱ ጥቁርና ደረቅ ከሆነ ብዙ ጊዜ ችግሩ ይሄው ነው፣ በመመጠን ይስተካከላል። ካንዴላው ከራሰና ቤንዚን ከሸተተ ግን ካርቡራተሩ ሞልቶ እየፈሰሰ ነው።

ፍሰቱን በዓይንህ ማየት ትችላለህ። የአየር ፊልትሮውን አንሳ፣ ሞተሩን ትንሽ አሠራና አጥፋው። ከዚያ በእጅ ባትሪ ወደ ካርቡራተሩ ጉሮሮ ተመልከት። ሞተሩ ቆሞም ጠብ ጠብ ካለ መርፌዋ አልዘጋችም። ሲጋራ የያዘ ሰው አጠገብህ እንዳይቆም! የዘይት መለኪያውንም አውጥተህ አሽትት። ቤንዚን ከሸተተ ዘይቱን ሳትቀይር እንዳታስነሳት፣ ሞተር ይበላል።

መርፌዋ የካርቡራተሩ ክዳን ውስጥ ያለችው ትንሽ ቫልቭ ናት። ቤንዚኑ ላይ የሚንሳፈፈው ባዶ ዕቃ፣ ተንሳፋፊው፣ ሽቅብ ሲገፋት ቤንዚኑን ትዘጋለች። ብዙ ጊዜ የሚከለክላት ቆሻሻ ነው። ቤንዚን በጠፋ ሰሞን በጀሪካን የተገዛ ምን ጉድ ይዞ እንደሚመጣ ታውቃለህ፤ የአሮጌ ሳልቫትዮ (የቤንዚን ታንክ) ዝገት ሲጨመርበት ደግሞ አስበው። ተንሳፋፊውን ጆሮህ ጋ አስጠግተህ ነቅንቀው፤ ውስጡ ከተንቦጫረቀ ተበስቷል። ከመርፌዋ ጋር ያለችው ዋሸር እንዳትጠፋብህ። እሷ ከሳሳች ቤንዚኑ ከልኩ በላይ ይሞላል።

ቀጥሎ የቤንዚን ፖምፓውን እይ። በሞተሩ ጉልበት የሚሠራው የድሮ ፖምፓ ሲሞት ያገኙትን ኤሌክትሪክ ፖምፓ መግጠም ተለምዷል። የኢንጄክሽን (ካርቡራተር የሌላት) መኪና ፖምፓ 3 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ይገፋል። ለካርቡራተር ተብለው የሚሸጡትም አንዳንዶቹ ግማሽ ባር ይደርሳሉ። ያንተ የሚፈልገው 0.2 ባር አካባቢ ብቻ ነው። ግፊቱ ሲበዛ አዲስ መርፌም አይመልሰውም።

ወደ ዕቃው ልምጣ። ካርቡራተሩ ላይ የተቀረጸውን አንብብ። 1600 ላይ በብዛት የሚገኘው ሶሌክስ 34 ፒክት 3 ነው። ሶማሌ ተራ ስትሄድ ቁጥሩንና አሮጌዋን መርፌ ይዘህ ሂድ፤ «የቮልስ» ብቻ ብለህ ከጠየቅህ የሌላ ሞተር ይዘህ ትመለሳለህ። ርካሹ ኪት ነው፦ መርፌ፣ ዋሸርና ጋስኬት። ካርቡራተር የግድ ከሆነ እኔ ከሚያብረቀርቀው ኮፒ ይልቅ ያገለገለ ሶሌክስ ወይም የብራዚሉን ብሮሶል እመርጣለሁ። ግን የቤንዚን መስጫው ገመድ የሚስበውን ዘንግ ነቅንቀው። ከተወዛወዘ አየር ያስገባል፣ በነጻ ቢሰጡህም ተወው።

መካኒክ? በኮምፒውተር የሚመረምር ትልቅ ጋራዥ ለኮምቢህ ምንም አያደርግላትም። ድሮ ቮልስ ሲፈቱ የኖሩ ጋሼዎች አሉ፤ ዕቃ ሻጮቹን «ቮልስ ማን ይሠራል?» በላቸው፣ ያመላክቱሃል። ክዳኑን ሳይከፍት «ግዛ» ከሚል ራቅ። ጋስኬት ላይ ሲሊኮን ከሚቀባማ ሽሽ! ቤንዚን ያላቅቀውና ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ጎሚስታ ጋ በአየር ማስነፋት ርካሽ ነው፣ ግን ካርቡራተሩ ሳይፈታ ከተነፋ ተንሳፋፊው ይጎዳል።

ሌላ መልስ፦
ሰውየው እኮ የምታስቸግረው አቀበት ወጥታ ስትቆም ነው ያለው። ሙቀት ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ግለቱ ካርቡራተሩ ላይ ይወጣል፣ ቤንዚኑ ይፈላና ወደ ሞተሩ ይወርዳል። በዚህ ከፍታ ደግሞ ቶሎ ነው የሚፈላው። ቤንዚን መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጠህ ያዝ፣ ደጋግመህ አትርገጥ፣ ከዚያ ቁልፉን አዙር።

መልስ፦
ለማስነሳቱ ልክ ነህ። ግን ጠዋት ቀዝቅዛም የምትሸት ከሆነ ሙቀት ብቻ አይደለም።

ጠያቂው፦
ጠዋትም ትሸታለች። ፖምፓውን አየሁት፣ ኤሌክትሪክ ነው። ጎኑ ላይ 0.5 ባር ይላል።

መልስ፦
በል ካርቡራተሩን ለጊዜው ተወው። የግፊት መቀነሻ ፈልግ ወይም የድሮውን ዓይነት ፖምፓ አስመልስ። ስትጀምር የባትሪውን ገመድ ፍታ። የቤንዚን ፊልትሮውንም ሞተሩ ላይ ሳይሆን ሳልቫትዮው ጋ አስገጥመው። ፕላስቲክ ስለሆነ ከተሰነጠቀ ቤንዚኑ የጋለ ሞተር ላይ ነው የሚፈሰው።