ድምፅ ማጉያው ወደ ማን ይዙር? (ክርክር ከሐዋሳ)

የአቶቴው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬም ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ነቃሁ። የሁለት ወር ልጅ አለችን። ከቤታችን ጀርባ በቆርቆሮ የተሠራ የኪራይ አዳራሽ አለ፤ ማክሰኞና ዓርብ የአዳር ጸሎት ይካሄድበታል፣ ድምፅ ማጉያው ደግሞ ልክ ከመኝታ ቤታችን መስኮት ትይዩ ነው የተሰቀለው። የየትኛው እምነት እንደሆነ አልናገርም። ከተናገርኩ ክርክሩ ስለነሱ ይሆንና ጥያቄዬ ይጠፋል። ቀበሌ ሄጄ ነበር። «የሃይማኖት ጉዳይ ነው፣ እኛ አንነካካውም» አሉኝ። መንገዱ ማዶ ያለውን ግሮሰሪ ግን ሙዚቃ ጮኸ ብለው በማስጠንቀቂያ ያስደነገጡት እነሱው ናቸው። እኔ የሃይማኖት ቤቶች ልክ እንደ ንግድ ቤት ፈቃድ ይውሰዱ፣ ቁጥጥር ይኑርባቸው፣ ሰባኪውም ምን ተምሮ እንደመጣ ይጠየቅ ባይ ነኝ። እስቲ ተከራከሩኝ። ስድብ የለም።

የሐይቅ ዳሯ፦
ወንድሜ ልጅህን እግዚአብሔር ያሳድግልህ። ግን «ቁጥጥር» የምትለዋ ቃል ለኔ ቀላል አይደለችም። እናቴ በደርግ ጊዜ የጸለየችው ቡና የሚጠጡ መስለው ነው። ረከቦቱ መሃል ላይ ተቀምጦ፣ መጋረጃው ተዘግቶ፣ መዝሙሩ በሹክሹክታ። ከሩቅ ሰው ሲመጣ ሲኒው ይነሣል። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ጉዲና ቱምሳ በ1971 ተወስደው ተገደሉ። ያኔም የሚባለው «እየተቆጣጠርን ነው» ነበር። የልጅህ እንቅልፍ ያሳስበኛል፣ ከልቤ ነው። ግን ለአንድ ድምፅ ማጉያ ብለህ የቤቱን ሁሉ ቁልፍ ለመንግሥት አትስጥ።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ እውነትሽን ነው፤ እኔ ደግሞ አንድ ልጨምር። በዚያው በ1971 የተገደሉት ጉዲና ብቻ አይደሉም። ከመንበራቸው ወርደው ታስረው የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም በዚያው ዓመት ነው የተገደሉት። ደርግ ሲመታ ደጁን አልመረጠም።

ግን ነገሩ ከደርግ አይጀምርም። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 126 ኦርቶዶክስ በመንግሥት የምትደገፍ የአገሪቱ ቤተ ክርስቲያን ናት ይል ነበር። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ለኛ ደግ ዘመን ነበር የሚሉ አሉ። መደገፍ ግን መያዝም ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሳያጸድቁት ጳጳስ አይሾምም ነበር። ከዚያ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ መጣና ቤተ ክርስቲያኗ መሬቷን አጣች። የሰጠ እጅ ነው የወሰደው። ሙስሊሞችም በሚያዝያ 1966 አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ የወጡት እኮ፣ በዓላችን እንኳ በአገራችን በዓል ሆኖ አይከበርም ብለው ነው።

ባጃጁ፦
እኔ ከሞቢል እስከ ታቦር ስመላለስ የምሰማው ክርክር ይበቃኛል 😅 አንዱ ሲሳፈር «መዝሙሩን ክፈተው» ይላል፣ ቀጣዩ «በናትህ ዝጋው»። አሁን ሬዲዮኑን ጭራሽ ነቅዬዋለሁ።

ጠበቃዋ፦
ሕጉን በአጭሩ ላስቀምጠው፣ ከዚያ ትጣሉበታላችሁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፣ አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። ቀበሌው የያዘው ይህን ነው። አንቀጽ 27 ላይ ግን የሃይማኖት ነፃነት ለሕዝብ ደኅንነት፣ ሰላም፣ ጤና፣ ለሌሎች ሰዎች መብትም ሲባል በሕግ ሊገደብ እንደሚችል ተጽፏል። ይገደባል የሚባለው እምነቱ አይደለም፣ እምነቱ ወደ ውጭ የሚገለጽበት መንገድ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 ድምፅንም ይመለከታል። ለመኖሪያ ሰፈር የወጣው ልክ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ግሮሰሪ አይልም፣ መስጊድ አይልም፣ አዳራሽ አይልም። ስለዚህ የአቶቴው ወንድሜ፣ አዲስ ቁጥጥር አያስፈልግህም። ያለው ሕግ ይበቃሃል። ችግርህ የሚያስፈጽመው ሰው ፈርቶ መቀመጡ ነው።

ግን ሁሉም በአንድ መዝገብ ነው የሚታየው ብላችሁ እንዳትሞኙ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 398 ለኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ሕጋዊ ሰውነት ይሰጣታል። ሌሎቻችን ለአሥርት ዓመታት ተመዝገብ፣ አሳድስ ስንባል ነው የኖርነው። ለእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትና ለወንጌላውያን ካውንስል አዋጅ የወጣው በ2012 ነው። ስድሳ ዓመት ቆይቶ! ከሁለቱም ጥላ ሥር ያልሆነ ትንሽ ጉባኤ ዛሬም ወረቀት ተሸክሞ ይዞራል።

የአቶቴው፦
እሺ ድምፁን ተውኩት። ኬንያስ? ሻካሆላ ጫካ ውስጥ አንድ ሰባኪ ሰዎችን ጹሙና ከኢየሱስ ጋር ትገናኛላችሁ ብሎ ከ400 በላይ አስከሬን ነው የወጣው፣ በፈረንጆች 2023። ሕፃናት አሉበት። ማን እንደሚሰብክ የሚጠይቅ ሕግ ቢኖር ይህ ይሆን ነበር? ሩዋንዳ እኮ ገብቶታል።

የሐይቅ ዳሯ፦
ሩዋንዳን እንኳን አነሣህልኝ። በፈረንጆች 2018 በሺዎች የሚቆጠሩ የጸሎት ቤቶች ተዘጉ። አንዱ መጸዳጃ የለውም ተብሎ፣ ሌላው ድምፅ አይከላከልም ተብሎ። እስከዚህ ይሁን፣ ጣሪያው በምእመኑ ላይ ከሚወድቅ ቢዘጋ ይሻላል። ከዚያ ግን ሰባኪ የሥነ መለኮት ዲግሪ ይኑረው የሚል ሕግ መጣ። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጠዋት አሞራ ገደል ሄደህ ዓሣ ሲያጸዱ አይተሃል? እጃቸው እስከ ክርናቸው ቅርፊት ለብሶ፣ አሞራው ከትከሻቸው ላይ ሊነጥቅ ሲያንዣብብ። ጴጥሮስ እንደዚያ ያለ ሰው ነበር። በዚያ ሕግ ቢሆን ኖሮ ጴጥሮስም «ዲግሪህን አምጣ» ተብሎ በር ላይ ይመለስ ነበር።

ባጃጁ፦
ጴጥሮስን ተይው፣ እኔም መንጃ ፈቃድ ሳልይዝ መንዳት አልችልም እኮ

የሐይቅ ዳሯ፦
አንተ ሰው ገጭተህ ትገድላለህ።

ባጃጁ፦
የሻካሆላውስ?

ጠበቃዋ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ግን መልሱ ለፈቃድ ደጋፊዎች አይጠቅምም። ልጅን በረኃብ መግደል ዱሮም በኬንያ ሕግ ወንጀል ነው። ሰውየው ከዚያ በፊት ከአንዴም ሁለቴ ተይዞ ተለቋል። ማለትም ፖሊስ አውቆታል። ዲግሪ ቢኖረውስ ኖሮ? የተማረ አታላይ አይታችሁ አታውቁም?

ደግሞ የእኛንም ቤት ልንካ፣ ሙስሊም ስለሆንኩ ይፈቀድልኝ። ሕገ መንግሥቱ የቤተሰብ ጉዳይ በሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚታየው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው ይላል። አዋጅ 188/1992 ላይ ግን መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ሰው እንደተስማማ ይቆጠራል። ደንበኛዬ የነበረች አንዲት እናት መጥሪያውን የተቀበለችው በረንዳ ላይ በርበሬ ስታሰጣ ነው። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ፈረመች፣ ወረቀቱን ከብፌው መስታወት ኋላ አስቀመጠችው፣ ምን እንደሆነ የነገራት የለም። ሳትቀርብ ቀረች፤ ተስማምታለች ተባለ። ሳይናገሩ መስማማት ከየት የመጣ ነው? የፌዴሬሽን ምክር ቤት በአንድ የውርስ ክርክር ላይ በግልጽ ያልተስማማን ሰው ፍርድ ቤቱ ሊዳኘው አይችልም ብሎ ወስኗል። እኔ ፍርድ ቤቱ ይቅር አልልም፣ ብዙ ሴቶች ፈልገውት ይሄዳሉ፣ ከመደበኛውም ይፈጥናል። በፈቃዷ ትግባ ነው የምለው።

ጡረተኛው፦
ጠበቃ ልጄ፣ አንድ ነገር ግን አስረጂኝ። በ2015 የሲኖዶሱ ጉዳይ ሲነሣ፣ ወሊሶ አካባቢ ሲኖዶሱ ሳይፈቅድ የጳጳሳት ሹመት ተደረገ ተብሎ አገር ሲታመስ፣ መንግሥት ጣልቃ ገባ ብላ ቤተ ክርስቲያኗ መግለጫ አወጣች። እኔም ጥቁር ለብሼ ነው የጾምኩት። ዞር ብላ ደግሞ እገዱልኝ ብላ ፍርድ ቤት ሄደች፣ ፍርድ ቤቱም አገደ። ታዲያ እጅህን አውጣ ነው ወይስ እጅህን አስገባ?

ጠበቃዋ፦
ጋሼ፣ ከባዷን ነው ያመጡት። እኔ የምለየው እንዲህ ነው፦ ማን እውነተኛ ጳጳስ ነው ብሎ ዳኛ መወሰን አይችልም። የግቢው ባለቤት በሕግ የታወቀው አካል ማን ነው፣ ማኅተሙስ የማን ነው ብሎ ግን መወሰን ይችላል፣ ግዴታውም ነው። ያን ባይወስን ኖሮ የሚወስነው ዱላ ነው።

ጡረተኛው፦
በወረቀት ልክ ነሽ። ቁልፉን የሰጠሽው ሰው ግን ያው ጳጳሱን መረጥሽለት ማለት ነው። ፈረንሳይ በፈረንጆች 1905 መንግሥትንና ሃይማኖትን ለየሁ ብላ አወጀች አይደል? ዛሬ ከ1905 በፊት የተሠሩት የካቶሊክ ደብሮች የማዘጋጃ ቤት ንብረት ናቸው። ጣሪያው ሲያፈስ ካህኑ የሚለምነው ከንቲባውን ነው። አልዛስ የሚባለው አገራቸው ያኔ በጀርመን እጅ ስለነበር ሕጉ አልደረሰበትም፣ እዚያ ካህኑ እስካሁን ከመንግሥት ደመወዝ ይበላል። ጀርመን ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑን ግብር ራሱ መንግሥት ሰብስቦ ያስረክባል። ተለያየን የሚል ሁሉ በጓሮ በር ይገናኛል።

የሐይቅ ዳሯ፦
ጋሼ እሱን ወደድኩት። ለዚህ እኮ ነው በሩ ይጥበብ የምለው።

የአቶቴው፦
በፈቃዱና በዲግሪው ላይ አሸንፋችሁኛል፣ ትቼዋለሁ። በድምፁ ላይ ግን አልለቅም። የምጽፈው ማመልከቻ አንድ ገጽ ነው፦ የቀበሌው ሰው መለኪያ ይዞ ይምጣ፣ የኋላውን አዳራሽም፣ የፊቱን ግሮሰሪም፣ ከፍ ብሎ ያለውን ደብርም፣ መስጊዱንም በአንድ ሌሊት ይለካ። የጎረቤት ፊርማ ያስፈልገኛል።

ጡረተኛው፦
ደብሩንም?

የአቶቴው፦
ደብሩንም ጋሼ።

ጡረተኛው፦
ኪዳንና ቅዳሴ እኮ ጩኸት አይደለም። ከተማው ሳይኖርም ነበር።

ጠበቃዋ፦
አዛንም ጩኸት አይደለም ይባላል ጋሼ። ስዊሶች በፈረንጆች 2009 ሕዝበ ውሳኔ አድርገው ሚናራ አይሠራ ብለው ከልክለዋል፣ የደወል ማማውን ግን አልነኩትም። እንደዚያ ከምንሆን ሁላችንም እንለካ። እኔ እፈርማለሁ።

የሐይቅ ዳሯ፦
እኔም ሁሉም በአንድ ሌሊት የሚለካ ከሆነ ብቻ። የኛን አዳራሽ ለካችሁ ሌላውን ካለፋችሁ ፊርማዬን እሰርዛለሁ።

ባጃጁ፦
እኔ ሌሊት ነው የምሠራው፣ ሰውዬውን ከነመለኪያው በነፃ አደርሰዋለሁ

ጡረተኛው፦
እኔ አልፈርምም። ግን አዳራሹን የሚመሩትን ሰውዬ አውቃቸዋለሁ፤ አብረን አስተምረናል። ነገ ከሰዓት ቤታቸው እሄዳለሁ። ማጉያዋን ወደ ውስጥ ቢያዞሯት ምን ይጎድልባቸዋል?

የአቶቴው፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ማመልከቻውን ግን አስገባለሁ።