32 ኢንች ስማርት ወይስ 43 ኢንች ተራ? ለእማዬ ድራማ፣ ለወንድሜ ጌም

የጎሮዋ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ቲቪ ልገዛ መርካቶ ሁለት ቀን ተንከራትቼ ሁለት ዕቃ ላይ ቆሜያለሁ። አንደኛው ስሙን ሁሉም ሰው የሚያውቀው 32 ኢንች ስማርት ነው፤ ጥራቱ ኤችዲ ይላል፣ ዩቲዩብ አለው። ሁለተኛው ስሙን ሰምቼው የማላውቅ 43 ኢንች ነው፤ ፉል ኤችዲ፣ ስማርት ያልሆነ። ሻጩ «ሪሲቨሩ ውስጡ ነው» ብሎኛል። የዋጋ ልዩነታቸው 1,500 ብር ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ግን መጨመር አልችልም።

እማዬ ከደብረ ብርሃን መጥታ አሁን እኔ ጋ ናት። ዓይኗ ደከም ብሏል። ቀን ቀን ድራማ፣ እሑድ ቅዳሴና ስብከት ታያለች። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ማታ ማታ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ይጫወታል፤ ኳስ ያለ ቀን ጓደኞቹ ይመጣሉ። ቤቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ከሶፋው እስከ ግድግዳው ስለካው 2 ሜትር ከ20 ሆነ። ምን ትሉኛላችሁ?

አባ ሪሞት፦
43። ጨረስን።
እሺ እንዳትቆጪ ላብራራ። ኢንቹ የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ ስለሆነ ሰው ይሸወዳል። የ32ቱ ወርድ 71 ሳንቲ ሜትር፣ የ43ቱ 95 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስፋቱን ካሰላሽው ትልቁ የትንሹን 1.8 እጥፍ ይሆናል። በአንቺ ሳሎን ርቀት 32 ኢንች ላይ ከታች የሚያልፈውን ጽሑፍ ዓይኔ ጤነኛ የሆነው እኔም አላነበውም፣ እንኳን እናታችን።

የልጅ ልጅ፦
እኔ አልስማማም። ለአያቴ 32 ስማርት ገዝተንላት እስካሁን ትመርቀናለች። የምትወደው ስብከት በዲሽ የሚመጣው እሷ ወጥ ስትሠራ ነው፤ ዩቲዩብ ላይ ግን በፈለገችው ሰዓት አለ። እሷ ከምታይበት አልጋ እስከ ቲቪው አንድ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው፣ ስለዚህ ማነሱም አልታወቃት። የጎሮዋ እህቴ፣ ዋይፋይ አላችሁ?

የጎሮዋ፦
የለንም። በስልኬ ጥቅል ሆትስፖት ከፍቼ ነበር ያሰብኩት።

የልጅ ልጅ፦
እንግዲያው ቃሌን አነሳለሁ። ዩቲዩብ ዝቅ ባለው 480 ጥራት እንኳ በሰዓት ግማሽ ጊጋ አካባቢ ይበላል፤ 1080 ላይ ከተውሽው ከአንድ ጊጋ ተኩል በላይ። ደግሞ ቲቪ እንደ ስልክ አይደለም፣ ኔትወርኩ ጥሩ ሲሆንለት ሳይጠይቅሽ ጥራቱን ከፍ ያደርጋል። የወሩ ጥቅል በአንድ እሑድ ሲያልቅ አይቻለሁ፣ በራሴ ስልክ።

ዲሽ ሠሪው፦
«ሪሲቨሩ ውስጡ ነው» የሚለውን እንዳለ እንዳትውጪው። ካርቶኑ ላይ ኤስ2 የሚል መኖሩን እዪ፣ ዲሽ ይቀበላል ማለት ነው። ቲ2 ብቻ ከሆነ የምድር አንቴና ነው የሚቀበለው፣ ዲሽሽን አያውቀውም። ጽሑፉን ካላመንሽው ቲቪውን አዙረሽ ጀርባውን ተመልከቺ፤ ለዲሽ የሚሆነው የገመዱ መግቢያ ጥርስ ያለውና የሚጠመዘዝ ነው። የአንቴናው ለስላሳ ነው፣ ዝም ብሎ ይሰካል።

ኤስ2 ካለው ኢትዮሳትን፣ ማለትም 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ያለውን ሳተላይት ፈልገሽ በነፃ የሚተላለፉትን የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ታስገቢያለሽ። ለክፍያ ጣቢያ ግን የራሱ ዲኮደር የግድ ነው። ጥራታቸው ዝቅ ያሉ ጣቢያዎች ትልቁ ላይ ትንሽ ይደበዝዛሉ፤ በ2 ሜትር ርቀት ግን ያን ያህል አያስቀይምም።

ለእናትሽ ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው፦ ሪሞቱ አንድ ይሆናል። ስንት ቤት «ዲሹ ተበላሸ» ተብዬ ተጠርቼ፣ አምስተኛ ፎቅ በደረጃ ወጥቼ ስደርስ እማማ በቲቪው ሪሞት ሶርሱን፣ ምስሉ የሚመጣበትን መግቢያ፣ ቀይረውት አገኛለሁ። አንድ ቁልፍ ተጭኜ የታክሲ እንኳ መቀበል ያሳፍረኛል። ቡናውን ጠጥቼ እወርዳለሁ።

ጆይስቲክ፦
ስለ ወንድምሽ እኔ ልናገር። ፕሌይስቴሽን 4 የሚያወጣው ምስል 1920 በ1080 ነጥብ ነው። 32ቱ ኤችዲ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ 1366 በ768 ነው፣ ማለት ከነጥቦቹ ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው የሚያሳየው። ኳስ ጌም ላይ የተጫዋቹ ስምና ራዳሩ ሲደበዝዝ ያናድዳል። ሱቅ ስትሄጂ ሁለት ነገር እዪለት፦ ኤችዲኤምአይ፣ የጌሙ ገመድ የሚሰካበት መግቢያ፣ ቢያንስ ሁለት ይኑረው፣ ሜኑው ውስጥ ደግሞ ጌም ሞድ ይኑር። ያ ከሌለ ቁልፉን ሲጫን ምቱ ዘግይቶ ይወጣል፤ ከዚያ በተሸነፈ ቁጥር ሰበብ አገኘ ማለት ነው።

ስማርት ነገር ካማረሽ ዋይፋይ ያስገባሽ ቀን ኤችዲኤምአይ ላይ የሚሰካ ቦክስ ትገዢያለሽ። ርካሽ ስማርቶች ራማቸው (የሥራ ማስታወሻቸው) ብዙውን ጊዜ 1 ጊጋ ነው፤ ዓመት ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ዩቲዩብ ለመክፈት ያንቀላፋሉ። ቦክስ ይቀየራል፣ የቲቪ ስክሪን ግን አይሰፋም።

ጠጋኙ፦
ልጄ፣ አንድ ነገር ማንም አልጠየቀሽም። እናትሽ የት ነው የሚቀመጡት?

የጎሮዋ፦
ጋሼ፣ ድራማው የሚጀምረው በቡና ሰዓት ነው። መስኮቱ ሥር ረከቦቷን ዘርግታ ዱካ ላይ ትቀመጣለች። ቲቪውን በጎን ነው የምታየው፣ ያውም ከዝቅታ። ሶፋው ላይ የሚቀመጠው እንግዳ ነው።

ጠጋኙ፦
እንግዲያው ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው። የቲቪ ፓነል፣ ምስሉ የሚታይበት ሰሌዳ፣ በብዛት ሁለት ዓይነት ነው። ቪኤ የሚባለው ከፊት ለፊት ሲያዩት ጥቁሩ ጥቁር ነው፣ ማታ መብራት ጠፍቶ ሲታይ ያምራል፤ በጎን ሲያዩት ግን የሰው ፊት አመድ የተነፋበት ይመስላል። አይፒኤስ የሚባለው ጥቁሩ ወደ ግራጫ ይሄዳል፣ ግን ከጎንም ከዝቅታም ቀለሙን አይለቅም። ለእናትሽ ዱካ፣ ተደርድረው ኳስ ለሚያዩት ልጆችም፣ ሁለተኛው ይሻላል። ጥቁሩ ግራጫ መሆኑ ቀን በመስኮት ብርሃን አይታወቅም። ወንድምሽ ማታ ቢያጉረመርም አንድ አምፖል ያብራ።

ካርቶኑ ላይ ይህን አይጽፉትም። ፍላሽ ይዘሽ ሂጂ፤ የሰው ፊት በቅርብ የሚታይበት ቪዲዮ ጫኚበትና ምስሉን አቁሚው። ከዚያ ከቲቪው ጎን ሁለት እርምጃ ራቂና ቁጢጥ በይ፣ ልክ እንደ እናትሽ። ሻጩ ቢስቅብሽ ይሳቅ። ሙሉ ነጭ ፎቶም ይኑርሽ፣ የሞተ ነጥብና ጥላ ያለበት ቦታ ያሳይሻል።

ስትገዢ ዋስትናው ማኅተም ይኑረው፣ ደረሰኙ ላይ የቲቪው መለያ ቁጥር ይጻፍ። ቤት ስትገቢ ደግሞ የመጀመሪያ ሥራሽ ባክላይቱን፣ የስክሪኑን የውስጥ መብራት፣ ከ100 ወደ 50 ወይም 60 ማውረድ ነው። ሱቅ ውስጥ ዓይን እንዲስብ ጥግ አድርሰው ነው የሚያበሩት። «ድምፅ አለ ምስል የለም» ተብሎ እኔ ጋ የሚመጣው ቲቪ ብዙውን ጊዜ የውስጥ መብራቱ ተቃጥሎ ነው፤ ሙሉ ቀን በሙሉ ኃይል የበራ ቶሎ ይሄዳል። መብራት ሄዶ ሲመጣም ወዲያው የማያስገባ፣ ትንሽ ቆይቶ የሚያበራ ጋርድ ግዢ። ዲቫይደር ብቻውን ጋርድ አይደለም።

የጎሮዋ፦
ከሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ጋሼ እንዳሉኝ ፍላሽ ይዤ ሄድኩ። የመጀመሪያው 43 ከፊት በጣም ያምር ነበር፤ ቁጢጥ ብዬ በጎን ሳየው የተዋናይቱ ፊት ነጣ፣ ፀጉሯ ከግድግዳው ጋር አንድ ሆነ። ሻጩ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቆየት ብሎ እሱም አጠገቤ ቁጢጥ አለና «እውነትም» አለ። ከመጋዘን ሌላ ዓይነት 43 በዚያው ዋጋ አወጣልኝ፤ እሱ ከጎንም ቀለሙን ያዘ። ኤስ2 አለው፣ ጀርባውን አዙሬ ጥርሱን አየሁት። ጌም ሞድም አለው፣ ኤችዲኤምአዩ ሁለት ነው። ገዛሁት። ባክላይቱን 55 ላይ አድርጌዋለሁ።

እማዬ አሁን የተዋንያኑን ስም ታነብልኛለች። አንድ ችግር ግን አለ፤ ሪሞቱ አንዳንዴ እምቢ ይላል። ባትሪ ቀይሬያለሁ። ድምፁም የታፈነ ነው።

ዲሽ ሠሪው፦
ቲቪው ሥር ምን አለ?

የጎሮዋ፦
ጠረጴዛው ላይ ዳንቴል፣ ከፊቱ ደግሞ እማዬ ያስቀመጠችው የፕላስቲክ አበባ።

ዲሽ ሠሪው፦
ይኸው። የሪሞቱ መቀበያ ዓይን ከስክሪኑ ታች ጠርዝ ላይ ነው፣ አበባው ጋርዶታል። ስፒከሩም ወደ ታች ነው የሚጮኸው፣ ዳንቴሉ ሥሩ ከተከመረ ያፍነዋል። ዳንቴሉን ከስፒከሩ ሥር አውጪው፣ ከጀርባው ያለውን የአየር ማስወጫም እንዳይሸፍን። ሜኑው ውስጥ ድምፁን ከሙዚቃ ወደ ንግግር ወይም ዜና ብትቀይሪው ድራማው ይጠራል።

የጎሮዋ፦
አበባውን ወደ ጎን አደረግሁት፣ ሠራ። ድምፁም ተከፈተ። እማዬ ግን ሳታየኝ ነው ያደረግሁት።